የሃምሳ አለቃ ጂሎ ጠባሳ

ልጅ ሳለሁ ሃምሳ አለቃ ጂሎን ቀኝ እጃቸውን ነብር ነክሷቸው እንደነበር አምን ነበር። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠባሳ ነበራቸው። ነገሌ ውስጥ ከጦር ሰፈሩ በታች ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ ጦሩ ሲበተን መሣሪያቸውን አስረክበው ወደ ሚስታቸው የተመለሱ የተኩስ አስተማሪ ናቸው። ያኔ፣ ፀሐይ ጠልቃ ፋኖስ ሲበራ፣ ሚስታቸው የወተት ቅሏን በፍም ስታጥን ጭሱ ግቢውን ይሞላው ነበር፤ እኛ ልጆች እግራቸው ሥር ተኮልኩለን ስለ ጠባሳው እንጠይቃለን፣ እሳቸውም አንድ ቀን ነብር፣ ሌላ ቀን የዳዋ ወንዝ አዞ፣ ሲያሻቸው ደግሞ ጥርሱ የሾለ ሽፍታ ነከሰኝ ይሉናል። ታሪኩ ከትናንቱ እንደማይገጥም እያወቅን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ደም ያለበት ቦታ ሲደርሱ ወንዶቹ ልጆች «አንቺ ጆሮሽን ያዢ» ይሉኝ ነበር። አልያዝኩም። ዛሬም አልይዝም።

እማዬ ባሏ ከጦርነት ያልተመለሰላት ሴት ነበረች። የወታደር ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ሳሙናው እጇን ስለሚሰነጣጥቀው ጠዋት ጠዋት ቅቤ ትቀባዋለች። የእህል መጋዘን ያላቸው ሐጂ ዘበኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሄዳ ተመዘገበች፣ ሰፈሩም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «በሽጉጥ ከአምስት ጥይት ሦስቱን ዒላማው ላይ ያሳረፈ ይገባል። ሴት ብትሆን እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ። እማዬን ያስጨነቃት ሳቁ አልነበረም፣ እጇ ነው። ሽጉጡ እጇን ከጎዳው ዘበኝነቱም ልብስ አጠባውም ይቀራል፣ እኛም ጦማችንን እናድራለን።

የፈተናው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ሳንቃ አቆሙ። ግማሹ ሰፈር ሊያይ ወጥቷል። ከእማዬ በፊት አንድ ጎረምሳ ሽጉጡን እንደ ከብት መንጃ ዱላ አንጠልጥሎ ቢተኩስ፣ ክንዱ ወደ ሰማይ ተወረወረና ከአምስቱ አንዱን ብቻ አገኘ። ይህን ያዩ ጎረቤቶቻችን ደንግጠው የእማዬን መዳፍ በሻሽ ጠቀለሉት። ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሰው ገመዱ እንዳይልጠው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቅቤው ከሥር፣ ሻሹ ከላይ።

የሐጂ ዘበኞች አለቃ ይህን ሲያይ «ሙሽራ አስመሰላችኋት እኮ! ሽጉጡንም ሂና ቀቡልን!» አለ።

እማዬ ሽጉጡን ተቀብላ ስታነሣ ሃምሳ አለቃ ጂሎ ከተቀመጡበት ድንጋይ ብድግ አሉ።

«ቁሚ፣ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ! ጣትሽን ከቃታው አውጪ። አፈሙዙን ወደ ሳንቃው። አሁን ይሄን ጨርቅ ይፍቱልሽ።»

«ኧረ ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎማ ነብሩን ይንገሩን!» አለ የዘበኞቹ አለቃ።

ሃምሳ አለቃ ጂሎ እኛን ልጆቹን አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሕዝቡ ዘረጉ።

«ነብር የለም» አሉ። «ምልምል ሳለሁ እንዳያመኝ ፈርቼ እጄን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ጨርቁ ተንሸራተተ፣ እጄ ወደ ላይ ወጣ፣ የሽጉጡ የላይ ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ ሥጋዬን ቆረጠው። አለቀስኩ። ሻምበሉ ፊት አለቀስኩ።»

ወንዶቹ ልጆች መሬት መሬቱን አዩ። እማዬ ሽጉጡን ለሃምሳ አለቃ ሰጥታ ሻሹን ፈታች፣ ቅቤውንም በጀሪካን ውሃና በአሸዋ ፈትጋ አወረደችው። እሳቸው አጠገቧ ቆመው አስያዟት፤ መዳፏ እጀታው ላይ ከፍ ብሎ፣ ነገር ግን ከሚንቀሳቀሰው ብረት በታች፤ አውራ ጣቶቿ በጎን እንጂ ከብረቱ በስተኋላ አይደለም፤ ግራ እጇ የቀኟን ጣቶች ከፊት አቅፎ፤ ክርኗ ሳይገተር፣ ደረቷ ትንሽ ወደ ፊት። «አጥብቀሽ ያዢው። መዝለሉ አይቀርም፣ አትከልክዪው፤ ከእጅሽ ሳይወጣ ይዝለል» አሏት።

የመጀመሪያው ሳተ። ሰዉ ሳቀ። ሁለተኛው ሳንቃውን በሳው፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ድንጋይ መታ። አምስተኛውን ተኮሰች። ከነጩ ሳንቃ ጥግ ላይ ስንጥር ዘለለ።

«ዕድል ነው» አለ የዘበኞቹ አለቃ።

እማዬ ፊቷን ሳታዞር «አምስት ጥይት ጨምርልኝና ዕድሌን አብረን እንየዋ!» አለችው።

ሐጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው «ይበቃል፣ ነገ ሥራ ትግባ» አሉ።

እኔ ማንበብን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ በልቻለሁ። ስለ ጀግና የሚጽፉ ሰዎች ጀግናቸውን ሰው ፊት ማዋረድ አይወዱም፣ እኔም ስለዚህ ብዙዎቹን አላምናቸውም። «ሴት ስለ ሽጉጥ ምን አገባት» የሚለኝ ሰው ዛሬም አይጠፋም። እንጀራዬም ደብተሬም ከዚያ ሳንቃ ነው የመጣው፣ እንዴት አያገባኝም?

ከሁሉም በላይ አብሮኝ የቀረው ግን የመልሱ መንገድ ነው። የእማዬን እጅ ይዤ ነበር፤ ቀልቷል፣ ይግላል፣ አንድ ጭረት የለበትም። ወንዶቹ ልጆች «ነብር የለም! ነብር የለም!» እያሉ ወደ ፊት ሮጠዋል። ሃምሳ አለቃ ጂሎ ብቻቸውን ከኋላ ቀርተው፣ በአቧራው ውስጥ ቀስ እያሉ ይመጡ ነበር። እማዬ ቆመች። እኔ እየጎተትኳት፣ ሰው ሁሉ እያለፈን እየሄደ፣ እሳቸው እስኪደርሱ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።