በደቦ የታጨደ የሕንድ ፊልም

መብራት ከተመለሰ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ያለችው የሰፈራችን ሻይ ቤት ወሬዋን ቀይራለች። ጦርነቱ ባለፈ ሰሞን ወሬው ሁሉ ማን ተረፈ፣ የማን ቤት ተዘረፈ፣ ማን ከተሰደደበት ተመለሰ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በለውጡ መጀመሪያ ደግሞ፣ ሰዉ ቴሌቪዥን ያሳየውን ዘጋቢ ፊልም እየተቀባበለ «አየኸው ትናንት? ጉድ እኮ ነው!» ሲል ነበር የሚውለው። አሁን አልሃምዱሊላህ፣ ልጆቹ ወደ ፊልማቸው ተመልሰዋል። እኔም ስኳር የበዛበት ሻዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ መስማት እወዳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታችን ልጅ ሰዓዳ፣ ከሳውዲ ከተመለሰች ገና ጥቂት ወር የሆናት፣ ከባጃጅ ነጂው ከከማል ጋር ትከራከራለች። ከማል ስለ ዓሣ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አይቶ «እናቲቱ ጠላት ስታይ ልጆቿን አፏ ውስጥ ነው የምትደብቃቸው፣ ወላሂ!» ይላል። ሰዓዳ «ስትስቅስ?» ትላለች። ከዚያ ወሬው ወደ አንድ የቱርክ ተከታታይ ፊልም ዞረ። ከማል ገና አፉን ሲከፍት ሰዓዳ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፈነች።

«መጨረሻውን ከነገርከኝ ዳግመኛ ባጃጅህ ላይ አልወጣም!»

«ልጅቷ እኮ...»

«ከማል! በአላህ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በእኛ ጊዜ ሰው የሚቆጣው መጨረሻውን በነገረው ላይ አልነበረም፤ መጨረሻውን ባልነገረው ላይ ነበር። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ማጭድ እንደያዘ ተቆጥቶኛልና።

ያኔ ደርግ ገና አልመጣም። እኔ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። የምንኖረው ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ከፍ ብላ በተቀመጠች መንደር ነው፤ ጠዋት ደጅ ሲቆሙ ከበታች ሐይቁ፣ ከበላይ የአምባሰል ተራራ ይታያል። አባትና እናቴን በልጅነቴ ስለቀበርኩ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በሬ የለኝ፣ መሬቴ ከአንድ ጥዋት እርሻ አያልፍም። የተረፈኝ ነገር ቢኖር ወሬ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ሲገባ አክስቴ ዶሮዎቿን ደሴ ወስጄ እንድሸጥላት ላከችኝ። እህል የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። ሾፌሩ «ጡሩንባ ስነፋ ካልመጣህ ጥዬህ ነው የምሄደው» አለኝ። ዶሮዎቹ ቶሎ ተሸጡ። የደሴ ብርድ ግን አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ነጠላ ብቻ ነበር የለበስኩት። አንድ ትልቅ ቤት ደጃፍ ላይ ሰው ተጋፍቶ ሲገባ አየሁና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሙቀት ፍለጋ ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ እርጥብ ጋቢና የተቆላ ለውዝ ይሸታል። ከዚያ ግድግዳው በራ። ሰዎች ግድግዳው ላይ መኖር ጀመሩ።

የሕንድ ፊልም ነበር። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ልቅሶ በየትኛውም ቋንቋ ልቅሶ ነው። ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ነገሩ ጠብቆ ጠብቆ ሊበጠስ ሲል ውጭ ጡሩንባው ተነፋ። ምን ላድርግ? ከደሴ እስከ መንደራችን በእግር ሌሊቱን ሙሉ ነው። እያለቀስኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት መንደሩ ማሽላ አጨዳ ገባ። በእኛ አገር አጨዳ በደቦ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ፣ ነገ የሌላው፣ ሁሉም እስኪዳረስ። መጀመሪያ የወጣነው የሙሄ ማሳ ላይ ነው። ሙሄ አብሮ አደጌ ነው፤ ቀልድ ካልተናገረ ምሳ የማይወርድለት።

«ደሴ ሄደህ ምን አየህ?» አለኝ።

«ፊልም።»

«ይበላል?»

ነገርኩት። አጠገባችን ያለው ሰማና «ጮክ በል እንጂ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ ረድፉ ሁሉ እኔን ተከትሎ ያጭድ ጀመር፤ እኔ ስፈጥን ይፈጥናል፣ እኔ ስቆም ይቆማል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ድኻ ጋሪ ነጂ አለ። የአንድ ባለጸጋ ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አባትየው ጢሙን የጠመዘዘ፣ ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ ሰው ነው። ልጆቹ በተገናኙ ቁጥር ይዘፍናሉ። ዝናብ ሲመጣ ይዘፍናሉ፤ ዛፍ ሲያገኙ ዛፉን እየዞሩ ይዘፍናሉ።

«እስላም ናቸው ክርስቲያን?» ሲሉ ጠየቁ ሼህ አወል፣ የመንደራችን ትልቅ ሰው።

«እንጃ፤ ልጅቷ ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ አላት።»

«ወድቃ ይሆናል» አለ ሙሄ።

ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ ክርስቲያን ናቸው፤ በሽምግልና የታወቁ። ማጭዳቸውን አቁመው «ለመሆኑ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ተቆጥሯል?» አሉኝ። ሲቆጠር እንዳላየሁ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ነገር አያምርም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ፊልሙ ከማሳ ማሳ ዞረ። ዘፈኖቹንም አወጣላቸው ነበር፤ እኔ በሕንድኛ አስመስዬ እጀምረዋለሁ፣ ተቀባዮቹ ጋ ሲደርስ የአምባሰል ዜማ ሆኖ ያርፋል። የመንደሩ ሴቶች ይቆጡኝ ጀመር። አንዷ «ዘፈኑን ሁሉ ለነሙሄ ማሳ ሰጥተህ ለኔ ልቅሶውን ታመጣለህ?» ብላ ንፍሮ ነፈገችኝ። ባሏ ደግሞ ሙግት ውስጥ ገብቷል። ግማሹ ደቦ ከጋሪ ነጂው፣ ግማሹ ከአባትየው ጋር ቆሞ ነበርና፣ አንዱ «ጋሪ ልጅ ያሳድጋል?» ሲል ሌላው «የአባትየው ሀብትስ ከሰማይ ወረደ?» እያለ፣ ማሽላው በንዴት ታጨደ። እንደዚያ ዓመት ፈጥኖ ያለቀ አጨዳ አላስታውስም።

እኔ ግን የምነግረው ለደቦው ብቻ አልነበረም። የአያ እንድሪስ ልጅ ጦይባ ከእናቷ ጋር ምሳ ይዛ ትመጣለች። የማያሰክረውን ጠላ፣ የቀሪቦውን እንስራ ከጀርባዋ ሳታወርድ አገዳው ሥር ቆማ ታዳምጠኛለች። አንዳንዴ ትስቃለች፤ ስትስቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። እኔም ነጠላውን ሳይ ፊልሙ የቱ ጋ እንደደረሰ ይጠፋኛል። ከወደድኳት ቆይቻለሁ። ግን ምን ይዤ ልጠይቃት? አባቷ አያ እንድሪስ ቃል ከአፋቸው ከሚወጣ ከቋጥኝ ውኃ ቢፈልቅ የሚቀል ሰው ናቸው፤ ሰው የሚያዩት ከግንባር ጀምረው እስከ ተረከዝ ነው። ሽማግሌ ልኬ እንቢ ቢሉኝ በዚያች ትንሽ መንደር ዓይኔን የት አገባዋለሁ? በዚህ ላይ ሙሄ መጥቶ «ከውጫሌ ሰዎች ሽማግሌ ሊልኩባት ነው አሉ፤ ለሚመጣው ሳምንት» አለኝ። ያን ቀን ፊልሙን የነገርኩት ዘፈኑን ሁሉ ወደ ልቅሶ ዜማ እየቀየርኩ ነው፤ ሰዉ ግን ለሕንዶቹ መስሎት አብሮኝ አዘነ።

የደቦው ማብቂያ የአያ እንድሪስ ማሳ ሆነ። ሁሉም ያውቃል፤ ዛሬ ፊልሙ ያልቃል። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ማጭድ ይዞ የመጣ ነበር። ከምሳ በኋላ ግራሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። የእሸት ጥብስ ሽታ፣ ከሐይቁ የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ አንገቱን ወደ እኔ ያሰገገ ሕዝብ። ጀመርኩ። ልጅቷ ለሌላ ልትዳር ነው። ከበሮው ይመታል። አባትየው በሩን ዘግቷል። ዝናብ ይወርዳል። ጋሪ ነጂው ፈረሱን እየጋለበ መጣ፣ መጣ፣ ከደጁ ቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መኪናው ጡሩንባ ነፋ።»

«የማን መኪና? የአባትየው?» አሉ ሼህ አወል።

«የኛ። እህል የጫነው።»

«የኛ መኪና ሕንድ አገር ምን ይሠራል?»

እውነቱን ተናገርኩ። ቀጥሎ የመጣውን ጩኸት ሐይቁ ላይ ያለው ገዳም ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። «እንዴ! ልጅቷን ዝናብ ላይ ጥለሃት መጣህ?» «ለዚህ ነው ጎኔ እስኪላቀቅ ያጨድኩት?» ሙሄ ሳይቀር ከዳኝ። «ዝም ብለህ ጨርሰዋ! ተጋቡ በለን!» አለኝ።

«ያላየሁትን እንዴት አየሁ ልበል?»

«ልክ ነው» አሉ ሼህ አወል። «ያላዩትን መመስከር ሐራም ነው። እንግዲህ ያየውን ያህል ይዘን እንፍረድ።»

እዚያው ሸንጎ ሆነ። አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ይቀመጣል። ጋሪ ነጂው ተወደሰ፣ አባትየው ተረገመ፣ ደግሞ ተገላበጠ። በዚህ መሐል ዳር ላይ ተቀምጠው ማጭዳቸውን በድንጋይ ይስሉ የነበሩት አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም ዞረ።

«ይኼ ልጅ» አሉ፣ «ተራራ ላይ ዘፈነ አልክ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ዝናብ ውስጥም፣ ዛፉንም እየዞረ?»

«አዎ።»

«ሽማግሌ ልኳል?»

ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ ጡሩንባው በልቤ አዞርኩት። «አልላከም።»

«አንድም?»

«አንድም አያ።»

ደቦው «ውይ!» አለ። ጋሽ ተሰማ ጭናቸውን መቱ። «አላልኳችሁም? ከመጀመሪያው ነገሩ አያምርም ብዬ ነበር!» ከጋሪ ነጂው ጋር የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ያልተጠየቀ አባት ምን ብሎ ይስጥ? ፍርዱ አለቀ።

አያ እንድሪስ ተነሱ። የማጭዱን ስለት በአውራ ጣታቸው ሞከሩና፣ እኔን ሳያዩ፣ ወደ ማሳው ዞረው እንዲህ አሉ፦

«እዚህም አንድ አለ። ከማሳ ማሳ ሲዘፍን ከረመ፤ ደጄ ላይ ግን ሰው አላየሁም።»

የያዝኩት የቀሪቦ ዋንጫ ጭኔ ላይ ተደፋ። ሙሄ መሬት ላይ ተንከባለለ። «አብሽር የኔ ጋሪ ነጂ!» ይለኛል እየሳቀ። ቀና ብዬ ጦይባን ብፈልጋት ነጠላዋ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ፊቷ ከውስጡ ጠፍቷል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሼህ አወልና ጋሽ ተሰማ አያ እንድሪስ ደጅ ቆሙ። እንደ ወጉ ግቡ ሲባሉ አንገባም፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ። «ማን ላካችሁ?» ሲሏቸው ጋሽ ተሰማ «የሕንዱ ልጅ» ብለው መለሱ። አያ እንድሪስ ሲስቁ የታዩት ያኔ ብቻ ነው ይባላል። ፋቲሐ ተቀራ፤ ቃሉ ታሰረ። የውጫሌ ሰዎች ሲመጡ ምሳ በልተው ተመለሱ። በጥር ተጋባን።

የአያ እንድሪስ ንግግር አገር ዞረ። ልቡ ሸፍቶ አፉ የተያዘ ጎረምሳ ሲታይ «እንደ ሕንዱ ልጅ ዘፍነህ እንዳትቀር» መባል ተለመደ። እሳቸውም በደረሱበት ሁሉ ከፍ ብለው ይቀመጡ ጀመር፤ ነገር የሚከብድ ሽምግልና ሲኖር «እንድሪስ ይጠሩ» ይባላል። አላህ ይዘንላቸው፣ በዚያው ክብር ሞቱ። እኔም ታሪኩን ስንቴ እንደነገርኩት አላውቅም። በጦርነቱ ወራት እንኳ አምባሰል ዘመድ ቤት ተጠግተን ሳለን፣ ሕፃናቱ የመድፉን ድምፅ እንዳይሰሙ ይኼንኑ ፊልም ከነዘፈኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሻይ ቤቱ ስመለስ ጦይባ ደጅ በርበሬ ታሰጣለች። የነሰዓዳን ነገር ነገርኳት፤ ሳቀች። ለነሱም የኛን ፊልም እንዳወራሁላቸው፣ የአባቷን ንግግር ሲሰሙ ከማል ከወንበሩ ሊወድቅ እንደነበር ጨመርኩላት።

«ከሳቸው ወዲያ ነገር አዋቂ የት ተገኝቶ!» አልኩ።

ጦይባ በርበሬውን በእጇ በተነች። ከዚያ «አባቴ እኮ ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር» አለች። «ዳር ዳሩን ነበር የሚያጭዱት። ያንተን ፊልም ግማሹን አልሰሙትም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ የውጫሌዎቹን ወሬ ስሰማ፣ ለደቦው ንፍሮ ስንቀቅል እናቴን አልኳት፦ ይኼ ልጅ ሲዘፍን ሊከርም ነው፤ የሕንዱም ልጅ ያው ነው፣ ሽማግሌ አይልክም። አባቴ አንድ ነገር ይበሉት አልኳት። ነገረቻቸው።»

በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«ንግግሩ አባቴን አስከበራቸዋ። ከአፋቸው ልቀማቸው?»

ሳቄ መጣ፣ እሷም ሳቀች፣ በርበሬው አስነጠሰንና ዕንባና ሳቅ ተቀላቀለብን። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ ስላላት ልጅ ሳስብ ሰንብቻለሁ። ደሴ ያን ቀን ዓይኔን ከጋሪ ነጂው ላይ አልነቀልኩም ነበር። እሷ ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ቤት ትገባለች፤ ገብታ ከእናቷ ጋር ምን እንደምትማከር ግን አልተመለከትኩም፣ ደቦውም አልጠየቀኝም። ምናልባት አባትየው በሩን የዘጋው የሆነ ነገር ተነግሮት ይሆናል። ምናልባት ከዝናቡ ውስጥ የቆመው ልጅ የሚጠበቅበትን ሳያውቅ ብቻውን ነበር የሚጨነቀው፣ ልክ እንደኔ።

ይህን ለጦይባ ነገርኳት። «እንግዲህ ገባህ» አለችኝና የቀረው በርበሬ ያለበትን ሰፌድ አቀበለችኝ።