የአይጥ ቤቱ አሹቅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አይጥ ነከሰችኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጣቴ ሲደማ አይተው፣ «ጭራዋን ከሥሩ ያዝ አልኩህ፤ ጫፉን ከያዝከው ዞራ ትነክስሃለች» አሉኝና ሳሙና አቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጅማ ባለ አንድ ኮሌጅ የሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ ነበርኩ።

አወቱ መንደራ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ «የአይጥ እረኛ» ይሉኛል። ሰው ድመት ሲያሳድግ እሱ አይጥ ይቀልባል እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔን ያ የአይጥ ቤት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ጠዋት በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ የሰጋቱራ ሽታ እንኳ ይናፍቀኛል።

መኖውን የምናዘጋጀው ራሳችን ነበርን። የበቆሎ ዱቄት፣ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨውና ቫይታሚን አብረን እናቦካና በሥጋ መፍጫ አውጥተን እናደርቃለን። የጅማ ዝናብ ደግሞ አይታመንም፤ ትንሽ ከተዘናጉ መኖው ይሻግታል። ስንቴ ትሪ ተሸክሜ ከዝናብ እንደሮጥኩ!

አንድ ዓመት ትዕግሥት የምትባል የማስተርስ ተማሪ መጣች። ባሏን ደብረ ብርሃን ትታ በቾ ቦሬ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። የምታጠናው እርጉዝ አይጦች የሚበሉት ምግብ የእናቲቱን ሰውነትና የጽንሱን እድገት እንዴት እንደሚለውጥ ነው። አንደኛው ምድብ የተሟላ መኖ ይበላል። ሁለተኛው ፋጉሎው ተቀንሶ በቆሎው የበዛበት ይሰጠዋል፤ ሆዱ ይሞላል፣ ገንቢው ምግብ ግን ይጎድለዋል። የእናቶቹን የደም ስኳር ከጭራቸው ጫፍ እንለካለን፤ ግልገሎቹ ሲወለዱ ይመዘናሉ።

ትዕግሥት ራሷም እርጉዝ ነበረች። ሳትወልድ ጥናቷን ካልጨረሰች ምረቃው ያልፋታል፤ አራስ ልጅ ታቅፋ ተመልሳ እንደማትጀምረው ደግሞ ታውቀዋለች።

የበራችን ጥበቃ አባ ቢያ የደዶ ገጠር ሰው ናቸው። ከኪሳቸው የባቄላ አሹቅ አይጠፋም። ትዕግሥት ባለፈች ቁጥር እፍኝ ያስይዟታል።

«እንቺ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያየሽውን ሳትቀምሺ አትለፊ። እርጉዝ እያየች ብቻውን የሚበላ ሰው ነው እንዴ?»

እሷም እየሳቀች ትበላለች። አንድ ቀን፣ ከበሩ ወዲያ ገብታ ምን እንደምትሠራ ጠየቋት። አስገብታ አሳየቻቸው።

«ሁሉም እርጉዞች ናቸው፣ አባ ቢያ። እነዚህ በደንብ ይበላሉ። በወዲያ በኩል ላሉት ግን ገንቢ ምግብ አንሰጣቸውም።»

«ሱብሃነላህ!» አሉና ወጡ።

አይጦቹ ወለዱ። ትዕግሥት መዘነች፤ የሁለቱም ምድብ ግልገሎች ክብደት እኩል መጣ። ሚዛን ቀይራ መዘነች፤ ያው ነው። አማካሪዋ እኔን በጎን እያዩ፣ «መኖውን አምታታችሁት እንዴ?» አሉ። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቼ በስተርጅና ስሜ ሊጠፋ?

ወደ አይጦቹ ኬጆች ሄጄ ሰጋቱራውን አራገፍኩ። ከሁለተኛው ምድብ የባቄላ ልጣጭ ዝርግፍ አለ። ከመጀመሪያው ምንም የለም።

«አባ ቢያ፣ ለአይጦቹ አሹቅ ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ!» አሉ፣ ቅንጣት ሳይደብቁ። «የተራቡት የትኞቹ እንደሆኑ እሷው አሳይታኛለች። እርጉዝ እያየችኝ ዋላሂ ከጉሮሮዬ አይወርድም። አይጥስ ብትሆን?»

ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ሳቅ ቀደመኝ። ትዕግሥትን ሳያት ግን ሳቄ ጠፋ። ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ፣ «ሆዴ ገፍቶ እንደገና ከዜሮ?» እያለች ታለቅስ ነበር።

አማካሪዋ አባ ቢያ ከዚያ በር እንዲነሱ ሊያመለክቱ ነበር። ትዕግሥት እንባዋን ጠረገች።

«እኔም ስበላ ነው የከረምኩት፣ ዶክተር። ለእኔ ሲሆን ደግነት ብዬ፣ ለአይጥ ሲሆን ጥፋት ልበለው?»

ከዚያ ወጥታ ከአባ ቢያ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጨክኜባቸው እንዳይመስልዎ። በቆሎ ብቻ እየበሉ የሚያረግዙ እናቶች አሉ። ሆዳቸው ጠግቦ ልጃቸው ለምን እንደሚቀጭጭ ማወቅ ፈልገን ነው።»

አባ ቢያ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሹቃቸውን ማዶ ካለው ሱቅ እያስቀመጡ ይገቡ ጀመር።

እንደገና ጀመርን። አይጦቹ ሆዳቸው ይገፋል፣ የትዕግሥትም ይገፋል። ጆንያ አላስነሳትም፤ እኔ አቦካለሁ፣ እሷ ትመዝናለች። «ጋሽ ደምሴ፣ ማን ይቀድም ይመስልዎታል?» ትለኛለች። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ደጋግሜ የማስበው ያንን ጊዜ ነው።

አይጦቹ ቀደሙ። የሁለተኛው ምድብ ግልገሎች ከሌሎቹ በግልጽ አንሰው ተወለዱ። ትዕግሥት ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችልን።

አባ ቢያ ከበሩ ሆነው፣ «ልያቸው?» አሉ። አንዷን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩአት።

«የመጀመሪያ ልጄ እንዲህ ነበረች» አሉ። «አላደገችም። እናቷ ያን ክረምት የምትበላው በቆሎ ነበር። ጠግባ ነበር እኮ! እኛማ ዓይን በላት አልን።»

ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ በራቸው ተመለሱ። እኔ ግልገሏን ወደ እናቷ መለስኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ኬጁን ለመዝጋት ተቸገርኩ።

ትዕግሥት ጥናቷን በሰዓቱ አቀረበች፤ ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች። አባ ቢያ ከደዶ ግማሽ ኩንታል ባቄላ አስጭነው መጡ። በቾ ቦሬ ክፍሏ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው አንድ ነው። ሥራውን ለምን እንደምትሠሩት በር ለሚጠብቀውም ሰው ቀድማችሁ ንገሩት።