ከመስኮቴ ሥር ያለው ቁልቋል

ቁልቋሉን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ኋላ በሌላ ሰው የማላክክ እንዳይመስል አስቀድሜ ልናገረው።

የምኖርበት አፓርትመንት ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ደጁ ላይ እስከ ጉልበት የምትደርስ ግንብ አለች፤ ከኋላዋ አበባ ነበረ። እኔ ምድር ቤት ስለሆንኩ መስኮቴ ከግንቧ አጠገብ ነው። በየቀኑ ረፋድ ላይ ሰው እየመጣ ይቀመጥባታል። መጋረጃዬን ስለማልከፍት ማን እንደሆነ አላይም፤ ሳሉን ብቻ እሰማለሁ። መንገደኛ መስሎኝ ለማናጀሯ አመለከትኩ። እዚሁ ያደገች የእኛው ልጅ ናት። «ኦኬ ጋሼ፣ ፊክስ እናደርገዋለን» አለችኝና ወረቀት አስፈረመችኝ። በሳምንቱ አበባው ተነቅሎ ቁልቋል ተተከለ፤ እሾሁ ግንቧ ላይ ተዘረጋ። ሳሉም ቀረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄ ፌርፋክስ መምጣት ተዉ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መኪና መንዳትም ሐኪም ከልክሏቸዋል። ከሚኖሩበት ከፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በእግራቸው እየመጡ ፌርፋክስ ሻይ ቤት ውስጥ በየቀኑ አብረን ሻይ እንጠጣ ነበር። ስደውልላቸው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይሉኛል። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? አንድ ነገር ቢቀየሙኝ ነው ብዬ እኔም መደወሉን ተውኩ። ካልፈለጉኝ አልፈልጋቸውም አልኩ።

እንዲህ እንዳለን እህቴ ለልብ ኦፕራሲዮን ከአዲስ አበባ ወደ ህንድ አገር፣ ቼናይ ወደሚባለው ከተማ ተላከች። በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይሄድም፤ ልጆቿ ሥራ ላይ ስለሆኑ እኔ ከዚህ ተነስቼ ሄድኩ። ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። እስክትጠነክር ከሆስፒታሉ ጀርባ ቤት ተከራይተን ተቀመጥን። ቀን ቀን እሷ ስትተኛ እኔ እወጣለሁ።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ከተማ የማየው በመኪና ነው፤ የት ይገባል፣ የት ይዞራል፣ የት ይቆማል። በዚያ ዓይን ሳያት ቼናይ ከተማም አልመሰለችኝ። አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ሞተሩ፣ ላሟ ሁሉ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ጡሩምባው አያባራም፤ የሚቆጣ ግን አላየሁም። የእግረኛው መንገድ መሃል ትልቅ ዛፍ አለ፤ ቆርጠው በመጣል ፈንታ ሰው እየዞረው ያልፋል። ከሥሩ አንድ ሰውዬ ጋሪ አቁሞ በከሰል ካውያ የሰፈሩን ልብስ ይተኩሳል። መንገድ ዘግቷል፣ እኛ ጋ ቢሆን የቅጣት ትኬት ይቆርጡበት ነበር አልኩ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ሲጠፋኝ ግን ቤቴ የመለሰኝ እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለሚውል ማን የት እንደሚኖር ያውቃል።

ሁሉም ጥሩ ነበር አልልም። ቦዩ ይሸታል። አንድ ቀን መንገድ መሻገር ፈርቼ ዳር ላይ ተገትሬ ስቀር፣ የማላውቃት ሴት ክንዴን ይዛ እንደ ሕፃን አሻግራኛለች።

አሮጌው ሰፈር ውስጥ ግን ቤቶቹ መደብ አላቸው። የእኛ መደብ ቤት ውስጥ ነው፤ የነሱ ደጅ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ ከላዩ ጥላ ያለው። ለማን እንደሆነ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠየቅኩት፤ አበሻ ተማሪ ነው።

«ለሚያልፍ ሰው ነው» አለኝ።

«የማን ዘመድ ለሆነ?»

«ለማንም። የደከመው ይቀመጥበታል። አሁን የሚሠሩት ፎቆች ግን የላቸውም፤ በሱ ፈንታ ለመኪና ማቆሚያ ነው የሚተዉት።»

እሱንማ አውቀዋለሁ አልኩ።

አንዱ መደብ ላይ በየቀኑ መቀመጥ ጀመርኩ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናት። ጠዋት ደጇን ጠርጋ መሬቱ ላይ በሩዝ ዱቄት አበባ የመሰለ ነገር ትስላለች፤ እኔ ሳልረግጠው ዞሬ እቀመጣለሁ። አንድም ቀን ማን ነህ አላለችኝም። ግባም አላለችኝም። ይሄኛው ከፋኝ። ደጅህ ላይ ሰው ተቀምጦ ግባ፣ ብላ ካላልክ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ለእህቴ ስነግራት ቁስሏን ይዛ ሳቀች። «ህንድ አገር ድረስ መጥተህ የሰው ደጅ ላይ ትጎለታለህ? ሳንቲም እንዳይጥሉልህ!» ቆይታ ደግሞ «ግባ ብትልህ እኮ በማግስቱ አትሄድም» አለችኝ።

«ለምን አልሄድም?»

«ይሉኝታህን አላውቅምና ነው? ለምሳ መጣ ይሉኛል ብለህ በሌላ መንገድ ትዞር ነበር።»

እውነቷን ነው። ከመስኮቴ ሥር የነበረው ሳል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ጉልበቱን እያመመው በእኔ ደጅ በኩል ወደ ፌርፋክስ የሚሄድ፣ መንገድ ላይ ማረፍ ያለበት ማን ነው?

ሎስ አንጀለስ እንደተመለስኩ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ግንቧ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነበሩ?»

«እሾህ ተከሉባት እኮ» አሉኝ። «ሳላርፍ ደግሞ እዚያ አልደርስም።»

«ታዲያ የበሩን ደወል አይደውሉም? የእኔ ቤት እኮ ነው!»

«ብደውል ይግቡ ትላለህ። ብገባ ካልበሉ ትላለህ። በየቀኑ? እኔ የምፈልገው ለጉልበቴ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ቁልቋሉን ያስተከልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ የተረገምክ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ያው ሳል ነው።

በማግስቱ ማናጀሯ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ኮምፕሌይን ያደረግከው አንተ ነህ እኮ፤ ፊርማህ አለ።»

«አሁን ደግሞ ንቀይው ነው የምልሽ።»

«የሕንፃው ኦነር ወዶታል። ሶ፣ ሰው ከግንቧ ወድቆ ቢከሰንስ? የኢንሹራንስ ጣጣ አለ።»

«ተቀምጦ የሚወድቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ፣ ፕሊስ!»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩባት፣ አልሆነም። ቁልቋሉ ዛሬም አለ።

ጡረታ ስወጣ ከፓርኪንጉ ይዤው የመጣሁት ወንበር ነበረኝ። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን አውጥቼ ከግንቧ ጎን፣ ጥላ ያለበት አስቀምጠዋለሁ። ማናጀሯ አየችው፤ አይታ ገባች። ለጋሼ «መንገዱ ተስተካክሏል፣ ይምጡ» ብቻ ነው ያልኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ሳሉን ስሰማ ተነስቼ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ወጡ ምድጃ ላይ ነበር፣ ይግቡ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል። ቆምኩ። እጀታውን ለቅቄ በጓሮው በር ወጣሁ፤ በኋላው መንገድ ፈጠን ብዬ ሻይ ቤት ቀድሜ ደረስኩ።

ትንሽ ቆይተው ገቡ፣ ሳያለከልኩ።

«ቆየህ?» አሉኝ።

«አሁን መድረሴ ነው» አልኳቸው።

አሁንም በየቀኑ እንዲሁ ነው። ስለ ወንበሩ እሳቸውም አያነሱ፣ እኔም አላነሳ።