የሰዓዳ አያትና የበረሃዋ እንቁራሪት

ልጅ ሳለሁ፣ መተሐራ ከሸንኮራ አገዳው እርሻ ዳር ባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ እንደ ጎረቤቴ እንደ ሰዓዳ የምቀናባት ልጅ አልነበረችም። ያስቀናኝ ጫማዋ ወይም ፀጉሯ አይደለም፤ አያቷ ነው። የእኔ አያቶች፣ አባቴ ለአገዳ ቆረጣ ሲመጣ ወላይታ የቀሩ፣ በስም ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ። የእሷ አያት አባባ ሮባ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈንታሌ ተራራ ሥር ግመል ሲጠብቁ ኖረው፣ ያኔ ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ልጃቸው ቤት ገብተው ነበር። አመሻሽ ላይ ደጅ የግራር ፍም ከፊታቸው አድርገው ስለ በረሃ ያወሩልን ነበር።

የግመል ሻኛ ውኃ ሳይሆን ስብ መሆኑን፣ ሳላ የምትባለው ባለ ረጅም ቀንድ አውሬ ጤዛ ያዘለ ቅጠል እየበላች ያለ ምንጭ እንደምትከርም የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ሰዓዳ ጉልበታቸውን ተደግፋ ትሰማለች፤ እኔ ከፍሙ ማዶ፣ ጭሱ በሚመጣበት በኩል። ተረቱ ሳያልቅ እናቷ ለእራት ትጣራለች። እኔ ወደ ቤቴ፤ ሰዓዳ ግን መጨረሻውን መኝታዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች።

አንድ ምሽት ስለ እንቁራሪት ጀመሩልን። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃውን ቆፍራ ገባች፤ የገዛ ቆዳዋን ገፍፋ እንደ ጋቢ ተከናነበችው፤ መሬቱ በላይዋ ደረቀ፤ ዝናቡም ቀረ። እዚህ ላይ እራት ደረሰ።

በማግስቱ ሰዓዳን «ሞተች እንዴ?» አልኳት።

«የራስሽ አያት ይንገሩሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ስሄድ እንኳ እግሬን ቀስ አድርጌ ነበር የማሳርፈው።

ክረምት ሲገባ እነሰዓዳ ቤት ዲሽ ተተከለ፤ እሷም ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳ አለች። አባባ ሮባ ብቻቸውን ተቀምጠው አይቼ ጠጋ አልኩ። ያኔ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

«ኮቱ ሰዓዳ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ እጃቸውን ዘርግተው።

ሰዓዳ አለመሆኔን ልናገር ብዬ ነበር፤ እጃቸው ግን ቀድሞ ራሴ ላይ አረፈ።

«እንቁራሪቷ እንዴት ሆነች፣ አባባ?» አልኩ ድምፄን ቀጠን አድርጌ።

«ነግሬሽ የለ እንዴ!» ብለው ሳቁ። «ዘግይቶም ቢሆን ዘነበ፤ መሬቱ ራሰ። እሷም የተከናነበችውን ቆዳ በልታው ወጣች፣ ልጄ።»

አሁን አዳማ ነው የምኖረው። በቅርቡ ሰዓዳን መናኸሪያ አግኝቻት ስለ እንቁራሪቷ ባነሳላት፣ «የምን እንቁራሪት?» አለችኝ። ተሰናብተን ስንለያይ፣ ተረታቸውን እንኳ መርሳት እስክትችል ድረስ አያት ተርፏት እንደነበር አሰብኩና እንደገና ቀናሁባት።