ቀጥ ያለው ስፌት

ቴፓኤሩ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ባለችው በአቲዩ ደሴት እጀ ወርቅ ከሚባሉት ሴቶች አንዷ ነበረች። ቲቫይቫይ የሚሉትን ባለአበባ የአልጋ ልብስ ስትሰፋ መርፌዋ የት ገብቶ የት እንደወጣ ዓይን አይለየውም። ሲያመሰግኗት እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ደስ ግን ይላታል። ደስ የማይለው ማን አለ?

ካንሰር የያዘውን ጡቷን በሩቋ ኦክላንድ ከተማ ቆርጠው ካወጡላት በኋላ ሐኪሙ ካንሰሩ እንዳይመለስ ሆርሞን የሚቀንስ ኪኒን አዘዘላት። ለዓመታት የሚዋጥ ነው፣ እንዳታቋርጪ ብሎ አስጠነቀቃት። ኪኒኑ ግን ጣጣ ይዞ መጣ። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይላሉ፤ አንጓዋም ጉልበቷም እንደዛገ ማጠፊያ ሆነ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ ትግል ሆነባት።

ይህ የመጣው ልጇ ሞኤ ልታገባ ስትል ነው። እናት እጇ ያላረፈበት ቲቫይቫይ ይዛ ልጇን ብትድር ደሴቱ መቼም አይረሳላትም። ሴቶቹ በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሞኤን ቲቫይቫይ ዘርግተው ዙሪያውን ከበው ይሰፋሉ። አንድ ቀን ቴፓኤሩ የረሳችውን መነጽር ልትወስድ ስትመለስ፣ የልጅነት ባልንጀራዋ ቫይኔ ብቻዋን ጎንበስ ብላ የእሷን ጠማማ ስፌት እየተረተረች እንደገና ስትሰፋው አገኘቻት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች ቴፓኤሩ።

"ተይው እስቲ። ምን ያደርግልሻል?"

መነጽሯን ይዛ ወጣች። ካንሰር ያላስለቀሳት ሴት መንገድ ላይ አለቀሰች። ሞኝነት ነው፤ ሰው ግን በሞኝነቱም ይቆስላል። በዚያው ምሽት ኪኒኑን ሳትውጥ ተኛች፤ በማግስቱም አልዋጠችም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሳምንታት አለፉና ጣቶቿ ተፍታቱ። ስፌቷም እንደ ድሮው ሆነ። "ቴፓኤሩ ተመለሰች!" ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። ቫይኔ ብቻ ሳትስቅ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች። ሌሎቹ ለምሳ ሲነሱ ጠጋ አለቻት።

"ኪኒኑን ተውሽው አይደል?"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ለሐኪሙ ብትነግሪው እኮ ሌላ ይቀይርልሽ ነበር።"

"ሌላውም ያው ቢሆንስ? ሞኤን ልዳርና እመለስበታለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሙሽራ የሚሸፈንበትም ሬሳ የሚጠቀለልበትም ይኸው ጨርቅ ነው። ልጅሽ ለየትኛው እንድታወጣው ነው የምትሰፊው?"

ቴፓኤሩ አንገቷን ደፍታ አዲስ ክር አነሳች። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ ገባ።