እምቢተኛዋ ብሎን

ለሰፈሩ አዲስ የሆነችው ልብስ ሰፊ ከመስኮቷ ሥር ያለውን ሰውዬ ስታይ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ስሙን አታውቅም። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ግንባሯ የተጨረማመተ መኪና ጎማ ፈትቶ፣ አንዲት የፍሬን ብሎን ፊት ተንበርክኳል። ትናንት ዝገቷን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ዘይት አጠጣት፤ መፍቻ ግን ሳያስነካት ገባ።

"ጋራዥ ቢወስዷት አይሻልም ወይ ጋሼ?" አለችው ዛሬ፣ ክር እየቆረጠች።

"መኪናዋን ልነዳት አይደለም እህቴ። ብሎኗን ልሞክራት ነው።"

"እንዲያው ሥራ ፈተው ነው በሉኛ።"

ቀና አላለም። "የፍሬኑን ሸራ ልቀይር ያን ዕለትም ይዣት ነበር። እምቢ ስትለኝ፣ 'ከነገ ወዲያ አይሻለሁ' ብዬ ጎማውን መለስኩት። ለባለቤቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ ጠዋት ነድታ ወጣች፤ ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ ከዳት። ለቅሶ ላይ ለእናቷ፣ 'ያቺን ብሎን ማንም ሰው አይፈታትም ነበር' አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ።"

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አስቀመጠች።

ሰውየው መፍቻውን ብሎኗ ላይ አስገባ። "እምቢ በይኝ እባክሽ" ሲል ሰማችው። ከዚያ በአንድ እጁ ገፋ አደረገው። ብሎኗ ቀጭ አለችና እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረች።

"አንድ ሌሊት ዘይት ነበር የፈለገችው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

እጁን ሳይታጠብ ብሎኗን ይዞ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ዕቃዎቹን እያየሽ ጠብቂልኝ፤ አማቴ ዘንድ ደርሼ ልምጣ።"