ጮክ ብዬ የዘመርኩበት ጊዜ

ሳውዲ፣ ኾባር ከተማ በምሠራበት ቤት ልብስ ስተኩስ የማዳም ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን ካወቀች ወዲህ ካውያ የያዘች አስተማሪ አድርጋኛለች። እናቷም አይታ ዝም። ምን ቸገራት፣ በአንድ ሠራተኛ ሁለት አገኘች!

ያን ቀን ትምህርቱ ስለ ታዋቂነት ነበር። ቃላቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚጠኑት። «ዋይድሊ ኖውን» በሰፊው የታወቀ፣ «ዌል ላቭድ» ሰው ሁሉ የሚወደው፣ «ጌይን ፖፑላሪቲ» ዝና እያገኙ መሄድ። ልጅቷ ምሳሌ ስጪኝ አለችኝ። የኳስ ተጫዋች ልል ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በአገሬ አንዲት ዘፋኝ ነበረች፤ በከተማው በሰፊው የታወቀች፣ ሰው ሁሉ የሚወዳት» አልኳት በዓረብኛ።

ዘማሪ ብል ጥያቄው ይበዛል ብዬ ነው። ዘፋኝ ማለቴን የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ቢሰሙ ግን ጉዴ ፈልቶ ነበር። ዘማሪዋ እኔ ነኝ። ማይክ ስይዝ ሰዉ አዳራሹን ሞልቶ ደጅ ይቆም ነበር። ገበያ ስወጣ ቲማቲም ሻጮቹ ሳይቀሩ መዝሙሬን እያንጎራጎሩ ይቀበሉኝ ነበር። አሁን አርብ አርብ ደማም ከተማ፣ አል ባዲያ ሰፈር፣ አንድ ባልና ሚስት ቤት ተሰብስበን እናመልካለን። ጎረቤት እንዳይሰማ ኤሲው በኃይል ይለቀቃል። የምንዘምረው በሹክሹክታ፣ የምናጨበጭበው ጭናችን ላይ ነው። ጌታ ይሰማል፣ እሱን አልጠራጠርም። ግን ድምፄ ናፈቀኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ የራሴ ድምፅ ናፈቀኝ።

«ያቺ ዘፋኝ እንዴት ነበር የምትዘፍነው? እስቲ አሳዪኝ» አለች ልጅቷ።

ማዳም ገበያ ወጥታለች፣ ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ ባወጣው ማን ያውቅብኛል? ካውያውን ነቀልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ እንደዚያን ጊዜው ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። የናፈቀኝን ያህል፣ ባለ በሌለ ኃይሌ የዘመርኩ መሰለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ልጅቷ ጆሮዋን አፌ ሥር ደቅናለች።

«ሶት ማፊ» አለችኝ። ድምፅ የለም ማለቷ ነው። «ከፍ አድርጊዋ!»

እንደገና ጀመርኩ። እጄ ጭኔን እየመታ፣ ያው በሹክሹክታ።